ግድቡ ግርጌ ላይ ውኃ ሲመነጭ

ጥያቄ፦ የቀበሌያችን የመስኖ ግድብ የአፈር ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከጀርባው ግርጌ ላይ ውኃ ይመነጫል። ግማሹ ሰው «በዋልካ እንድፈነው» ይላል፤ ግማሹ «ድሮም ነበረ፣ ተዉት» ይላል። ምን ይሻለናል?
የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ

መልስ፦ አደራ፣ አይድፈኑት። የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ውኃ ያሰርጋል። መውጫውን ሲዘጉበት ውኃው በግድቡ ሆድ ውስጥ ከፍ እያለ ጀርባውን ያርሰዋል፤ የራሰው አፈር ይንሸራተታል፣ ወይም ውኃው ማንም በማያየው በኩል ይፈነዳል። የሚያሰጋው የውኃው መውጣት ሳይሆን አፈር ይዞ መውጣቱ ነው።

ይህን ለማወቅ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ከምንጩ አፍ ቀድተው ለአንድ ሰዓት ሳይነኩ ያስቀምጡት። ከሥሩ ደለል ከተኛ ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው። በምንጩ ዙሪያ እንደ ጉንዳን ቤት የተከመረ ደቃቅ አሸዋም ያንኑ ይናገራል።

ጥርት ያለ ከሆነ ይለኩት። ፍሳሹን በአንድ ቦይ ሰብስበው በ20 ሊትር ጀሪካን ይቀበሉ፤ በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። በየሳምንቱ ይህንንና የሐይቁን (ግድቡ ያቆረውን ውኃ) ከፍታ ጎን ለጎን ይመዝግቡ። ሐይቁ ሳይሞላ ፍሳሹ ከጨመረ በዚያው ቀን ለወረዳው የመስኖ ባለሙያ ያሳውቁ።

ከደፈረሰ ግን ቀን አይጠብቁ። በአሜሪካ አይዳሆ 93 ሜትር ገደማ ቁመት የነበረው የቲተን ግድብ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት ጭቃማ ውኃ ሲያፈስ ታየ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ፈረሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ መጀመሪያ ከግድቡ በታች ያለው ሰው ይውጣ። ባለሙያ እየጠሩ የሐይቁን ውኃ መልቀቂያ ይክፈቱ። መቅረብ የሚቻል ከሆነ ምንጩ ላይ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ይደርድሩ፤ ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። ፍሳሹ አሸዋውን ከጠረገው ቀድመው ድንጋይ ጥለው ጉልበቱን ይስበሩ። አስቸኳይ ባልሆነ ጊዜ ግን ሐይቁን በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አለማውረድ ይመረጣል፤ በፍጥነት ከወረደ በሐይቁ በኩል ያለው የራሰ ተዳፋት ይናዳል።

ከክረምት በፊት ደግሞ ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ትርፍ ጎርፍ የሚወጣበትን ቦይ፣ ይጥረጉ። ውኃ ለመጨመር ብሎ አፉ ላይ ድንጋይና ጆንያ የሚደረድር ሰው ካለ ዛሬውኑ አስነሡት። ጎርፍ በአናቱ ያለፈበት የአፈር ግድብ በሰዓታት ውስጥ ሊታጠብ ይችላል። የአናቱን ልክ ውኃ በተሞላ ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ይፈትሹ፤ ጎርፉ የሚሻገረው በሰመጠችው ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ግድባችን ላይ ባሕር ዛፍ በቅሏል፤ እንቁረጠው?

መልስ፦ ችግኙን ከነሥሩ ይንቀሉ። ትልቁን ግን ቆርጠው ጉቶውን ብቻ አይተዉት፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውኃ መንገድ ይሆናል። ባለሙያ ባለበት ሐይቁ ሲጎድል ነቅለው፣ ጉድጓዱን በተመሳሳይ አፈር 15 ሳንቲ ሜትር በሞላ ቁጥር እየጠቀጠቁ ይሙሉ። የፍልፈል ጉድጓድም እንዲሁ ነው፤ በዛፉ ቦታ ሣር ይትከሉ።