የተጻፈው 84 ሺህ ዶላር፣ የሚከፈለውስ ስንት ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። ትልቋ ልጃችን ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ተማሪ ነች፤ አሜሪካ ኮሌጅ ልሞክር እያለች ነው። አንድ የግል ኮሌጅ አሳየችኝ፣ የዓመቱ ወጪ 84 ሺህ ዶላር ይላል። ወዲያው «ተይው» አልኳት። እሷ ግን ሌላ ሠንጠረዥ ይዛ መጣች። ቤተሰቦች በገቢያቸው ተከፋፍለው፣ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በታች የሚያገኙት በአማካይ 6 ሺህ ብቻ ይከፍላሉ ይላል። የእኛ ገቢ በዶላር ሲመነዘር 30 ሺህ አጠገብም አይደርስ። ታዲያ የምንከፍለው 6 ሺህ ነው ማለት ነው? ሜሪላንድ ያለውን ታናሽ ወንድሜን ብጠይቀው «ሠንጠረዥ አትመን» አለኝ። የእሱም ልጅ ኮሌጅ ገብቷል። ኮሌጁ «ቀሪ ክፍያችሁ 9,500 ዶላር ነው» ብሎ የጻፈለትን ደብዳቤ በቴሌግራም ላከልኝ፤ እሱ ግን የምናወጣው ከዚህ እጥፍ ነው ይላል። ግራ ገባኝ። ማንን ልመን?

የልጅ አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ

ጤና ይስጥልኝ ወንድማችን። ማንም አልዋሸዎትም። ግን ያመጧቸው ቁጥሮች ስለተለያዩ ሰዎች የሚናገሩ ናቸው፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ የለችም። ይህን ቀድሜ የነገርኩዎት ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም ነው።

ከ84 ሺሁ እንጀምር። እሱ የተጠራ ዋጋ ነው። እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ ይገባዎታል፤ ለማንም የሚጠራ ዋጋ አለ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ከፍሎ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ነው። የአሜሪካ የግል ኮሌጆች ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከጻፉት የትምህርት ክፍያ ላይ በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀንሳሉ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የግል ኮሌጆች አማካይ የትምህርት ክፍያ 43,350 ዶላር ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነጻ እርዳታው ተቀንሶላቸው የከፈሉት ግን በአማካይ 16,510 ነው። ምግብና መኝታ ከዚህ ውጭ ነው።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጆች ከነጻ እርዳታ በኋላ የሚቀረውን ወጪ በአምስት የገቢ እርከን ለመንግሥት ያሳውቃሉ፤ ከ30 ሺህ በታች፣ እስከ 48 ሺህ፣ እስከ 75 ሺህ፣ እስከ 110 ሺህ፣ ከዚያ በላይ። በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። ግን የሚቆጠሩት ከፌደራል መንግሥቱ እርዳታ ወይም ብድር የወሰዱ አዲስ ገቢዎች ብቻ ናቸው። ይህን ደግሞ የሚያገኘው ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ነው። በተማሪ ቪዛ የሚገባ ልጅ አይመለከተውም። ስለዚህ 6 ሺሁ እዚያው አሜሪካ ያለ ድሃ ቤተሰብ የሚከፍለው ነው። በነገራችን ላይ የሠንጠረዡ ከፍተኛው የገቢ እርከንም በደንብ አያሳይም። 115 ሺህ የሚያገኝና 400 ሺህ የሚያገኝ አንድ ላይ ተደምረዋል። ምንም የፌደራል እርዳታ ሳይጠይቅ ሙሉውን ከኪሱ የሚከፍለው ሀብታም ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠረም። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ወረቀቱ ላይ ከሚታየው ይሰፋል ማለት ነው።

የወንድምዎን ደብዳቤ አየሁት። ብዙ የእኛ ሰዎች እዚያ አገር የሚጎዱት እንዲህ ባለ ወረቀት ስለሆነ መስመር በመስመር እንየው። አናቱ ላይ ጠቅላላ ወጪ 84,000 ይላል። ቀጥሎ የኮሌጁ ነጻ እርዳታ፣ የፌደራሉ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠው ፔል ግራንትና የስቴቱ (የክፍለ ግዛቱ) ድጋፍ ተደምረው 66,000። እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ይህ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ከሥሩ ግን በዚያው ፊደል፣ በዚያው ዓምድ፣ «የተማሪ ሥራ 3,000» እና «የፌደራል ብድር 5,500» ይላል። ከዚያ ሁሉንም ቀንሶ 9,500 ብሎ ይዘጋል። ብድር እርዳታ አይደለም! ልጁ ከነወለዱ ይመልሰዋል። የተማሪ ሥራ የሚባለውም ልጁ ላይብረሪ ወይም ካፍቴሪያ ውስጥ ሠርቶ በየጊዜው የሚያገኘው ደሞዝ ነው፤ ክፍያው ሲጀመር እጁ ላይ የለም። ትክክለኛው ስሌት ከ84 ሺህ 66 ሺህ ሲቀነስ ነው፤ 18,000 ዶላር። ወንድምዎ እጥፍ ነው ያሉት ለዚህ ነው፤ እጥፍ ገደማ ስለሆነ ልክ ናቸው። ኮሌጆች ብድርን ከነጻ እርዳታ ጋር በአንድ ዓምድ መደርደራቸው በጣም ያናድደኛል። እንግሊዝኛው ያልጠራ፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ አባት ይህን ወረቀት ማታ ደክሞት ገብቶ ነው የሚያነበው።

ወንድምዎ በየዓመቱ ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ መሙላት እንዳይረሱ ይንገሯቸው። የቤተሰብ ገቢ የሚታየው በእሱ ነው። ፔል ግራንት በ2025–26 ቢበዛ 7,395 ዶላር ነው፤ ሙሉውን የሚያገኘው ግን ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ነው። ገቢያቸው መሀል ላይ ከሆነ ለሙሉ ፔል በዛ፣ ለክፍያው አነሰ የሚባሉት እነሱ ናቸው። እንዲህ ላለ ቤተሰብ የሚኖርበት ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በ2024–25 የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው አማካይ የትምህርት ክፍያ 11,610 ዶላር ነበር። ከሌላ ስቴት የመጣ ግን 30,780።

ይህ ሁለተኛው ቁጥር ለእርስዎም ይጠቅማል። ከሐዋሳ የሚሄድ ልጅ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚታየው እንደ ውጭ ሰው ነው፤ እንደ ቤተሰቡ ገቢ እየታየ የሚሰጥ እርዳታም አብዛኞቹ ለውጭ ዜጋ የላቸውም። «መንግሥት ነውና ይረክሳል» ብላችሁ እንዳታመለክቱ። ለእናንተ የሚረክሰው በተቃራኒው ዋጋው የሚያስደነግጠው የግል ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዶይን የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት በኋላ ደግሞ የጎደለውን ይሞላሉ። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ገቢ ያለው ቤተሰብ ምንም እንዳይከፍል፣ እስከ 200 ሺህ ያለው ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍል ወስኗል። የእናንተ ገቢ እዚያ ችግር አይሆንም። ችግሩ መግባቱ ነው፤ ከመቶ አመልካች የሚገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ልጅዎ ትሞክር፣ ግን እዚያ ብቻ አታመልክት።

ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ብዙ ትናንሽ የግል ኮሌጆች ለውጭ ተማሪ ጥሩ እርዳታ ይሰጣሉ። ሲመርጡ ግን የምትጠይቀውን ገንዘብ ያያሉ፤ ብዙ የሚያስፈልጋት ከሆነ ፉክክሩ ይከብዳል። እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ብልጠት ያስባሉ፤ «መጀመሪያ እንከፍላለን ብለን ትግባ፣ ከገባች በኋላ እርዳታ እንጠይቃለን»። አታድርጉት። ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጅቷን መመለስ ሊመጣ ነው። ካስፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ።

የእርዳታ ማመልከቻው ብዙ ቦታ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባል ቅጽ ነው። የባለቤትዎን ደሞዝ፣ የሱቁን ገቢ፣ የባንክ ተቀማጭ፣ ቤትና መኪና ይጠይቃል። ሱቁን አይደብቁ። ግን በአግባቡ ያስረዱ። መደርደሪያ ላይ ያለው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ወጥቶ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ የግብር ደረሰኙን አስተርጉሞ ማያያዝ ይጠቅማል። የማመልከቻ ክፍያ ለመክፈል ከከበደም ብዙ ኮሌጆች ሲጠየቁ ይተዉታል።

ምንዛሪውን ደግሞ አይርሱ። ኮሌጅ «የቤተሰብ ድርሻ 5 ሺህ ዶላር» ሲል በዶላር ነው የሚያስበው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት ይህ በባንክ 290 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ600 ሺህ አለፈ። የሱቁ ትርፍ በዚያው ልክ አልጨመረም። እንዲህ ሲሆን ለኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ በአዲሱ ምንዛሪ አስልታችሁ ደብዳቤ መጻፍ ትችላላችሁ። ሁሉም ይቀበላል አልልም፤ ግን ካልተጠየቀ ማንም ከራሱ ተነስቶ አያደርገውም።

ከተማችን ውስጥ «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» ብለው ቀድመው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። እባክዎ አይስጧቸው። አዲስ አበባ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት አለ፤ ከእነሱ ይጀምሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ አጭር ኢሜይል ትጻፍ፤ «ባለፈው ዓመት ስንት የውጭ ተማሪ ተቀበላችሁ? ስንቱ ነጻ እርዳታ አገኘ? አማካዩስ ስንት ነበር?» ብላ። የሚጠቅማት ሠንጠረዥ የዚህ ኢሜይል መልስ ነው።

ጥያቄ

እኔ ደግሞ እዚሁ አገር ነው የተማርኩት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሐዋሳ ውስጥ በግል ድርጅት እሠራለሁ። አባቴ ጥበቃ ነው። አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ አባት ሁለት ፎቅ ያከራያል። ኮስት ሼሪንግ ግን እኩል ነው የፈረምነው። ይህ ፍትሃዊ ነው? ደግሞስ ከደሞዜ ስንት መቆረጥ አለበት?

ከሐዋሳ፣ አላሙራ

መልስ

እህቴ፣ ፍትሃዊ አይመስለኝም። የኛ አሠራር ከላይ ካየነው በጣም ይለያል። የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ደንቡ የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተማሪው ላይ ያደርጋል። የአባትሽ ገቢ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ጥሩ ጎኑ መጀመሪያ ላይ ካሽ አለመጠየቁ ነው፤ ይህ ባይኖር አንቺ ምናልባት አትማሪም ነበር። ግን ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለው፤ ቀድሞ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከጓደኛሽ ያነሰ ገንዘብ ይዘሽ፣ ከእሷ በላይ ልትከፍይ ነው።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ደግሞ ግቢ ከመግባት በፊት ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 5.4 በመቶ። በር እንዲህ ሲጠብ ጥሩ የግል ትምህርት ቤትና አስጠኚ የከፈለ ወላጅ ልጅ ይቀድማል። ያ ገንዘብ የትም «የኮሌጅ ወጪ» ተብሎ አይመዘገብም። ያላለፈው የሀብታም ልጅ የግል ኮሌጅ ይሄዳል፣ የደሃው ቤት ይቀመጣል። ከገቡም በኋላ ትራንስፖርቱ፣ ላፕቶፑ፣ ኮፒው፣ ሳሙናው አለ። ካፌው አልስማማ ብሎት ኖን ካፌ የሚሆን ልጅ ደግሞ በምግቡ ፋንታ የሚሰጠው ብር ስለማይበቃው ከቤት ይጨምራል። ቤት ከሌለው ይራባል።

ደሞዝሽን በተመለከተ የሚቆረጠው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። 9 ሺህ ብር ከሆነ በወር 900 ማለት ነው። የሚቆርጠው ቀጣሪሽ ነው፤ ለገቢዎች ማስገባት ያለበትም እሱ። ቆርጦ የማያስገባ ድርጅት አለ፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሊራንስ ለመውሰድ ስትሄጂ ነው። ኦሪጅናሉን ዲግሪ ስትጠይቂ የከፈልሽበት ማስረጃ ያስፈልግሻል። አካውንታንት ስለሆንሽ ፋይሉ እጅሽ ላይ ነው፤ በየወሩ የገባበትን ደረሰኝ ኮፒ አድርገሽ ያዢ። ሥራ ከቀየርሽ እስከዚያ ቀን የተከፈለውን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሳትቀበይ አትውጪ። ወደ መምህርነት የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ደግሞ ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የመመለስ መንገድ አለ፤ ከመወሰንሽ በፊት የተመረቅሽበትን ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጠይቂ።