አሚዮዳሮን እየወሰዱ ጋቢ የደረቡት አባቴ

እህቴ፣ «እናቴ የልብ ምቷ ተዛብቶ አሚዮዳሮን ታዘዘላት፤ ስለጉዳቱ ሳነብ ፈራሁ። ላስቁማት? አዮዲን የሌለው አዲስ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለሽ ጠይቀሻል። በራሳችሁ አታቁሙ። አባዬ ኮምቦልቻ ተቀምጠው ሁለት ዓመት ተኩል ውጠውታል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መድኃኒቱ በፈረንጆች በ1961 ቤልጅየም ውስጥ ሲሠራ ለልብ ምት አልነበረም፤ ልብ ደም ሲያጥረው ለሚመጣ የደረት ሕመም ነበር። ምት እንደሚያረጋጋ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

ጣጣው ያለው አዮዲኑ ላይ ነው። አንዱ የ200 ሚሊግራም ኪኒን 75 ሚሊግራም አዮዲን ይዟል። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 0.15 ሚሊግራም ነው! ሰውነት ውስጥ የሚለቀቀው ጥቂቱ ቢሆንም አንገት ላይ ላለው የታይሮይድ ዕጢ ብዙ ነው። (እኛ እንቅርት ፈርተን አዮዲን ያለው ጨው እንፈልጋለን፤ እዚህ ደግሞ ተትረፈረፈ።)

አባዬ በዚያ በኮምቦልቻ ሙቀት ጋቢ ደርበው መቀመጥ ጀመሩ። እርጅና ነው አልን። ድምፃቸው ጎረነነ፣ ቀን ሙሉ ያንቀላፋሉ። ደሴ ልንወስዳቸው ሐረጎን ስንወጣ «መስኮት ዝጉልኝ» እያሉ የሚኒባሱን ሰው አስመረሩት። ለካ ታይሮይዳቸው ደክሟል። መድኃኒቱን የሚያድስልን ክሊኒክ የታይሮይድ ምርመራ አንድም ቀን አላዘዘም ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል። የደሴው ሐኪም ግን ኪኒኑን አላስቆመም፤ የታይሮይድ ሆርሞን ጨመረላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ጋቢው ወለቀ።

አዲሱ ያልሽው ድሮኔዳሮን ይባላል። አዮዲኑን አውጥተው ነው የሠሩት። ታይሮይድ አይነካም፤ ግን ምት በማረጋጋት ከአሚዮዳሮን ይደክማል። ልባቸው ክፉኛ የደከመ ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ደግሞ ሞት ስለጨመረ ጥናቱ ተቋረጠ። ስለዚህ ለሁሉም አይሆንም።

ብታቆሙትም ቶሎ አይወጣም። ስብ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ግማሹ ለመውጣት ብቻ ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። የምቱ መዛባት ግን ቆይቶ ሊመለስ ይችላል።

በቀጠሮዋ ቀን የታይሮይድና የጉበት ምርመራ ጠይቂ፤ በየስድስት ወሩ ይደገማል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ከወሰደች የግድ ለሐኪሙ ንገሪው፣ አብረው ሲወሰዱ ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ነጠላዋን ትከናነብ። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ካየሽባት ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ውሰጃት።