ግራጫ ቀለም፣ የሚላጥ ግድግዳ እና የደጃፍ አትክልት

ጥያቄ፦ ቤታችን ምድር ቤት ብቻ ያለው የብሎኬት ቤት ነው። የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን፣ ወደ ደጃፉ አትክልት ይመለከታል። ሳሎኑን ግራጫ ልናስቀባው አስበናል፤ ነገር ግን የአሁኑ ክሬም ቀለም ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እያበጠ ይላጣል። ቀቢው «ዘይት ቀለም ከሆነ ይጸናል» ብሎናል። በውጭ በኩል በዚያው ግድግዳ ሥር ጽጌረዳና ሰርዶ ተክለናል፤ ሰርዶው ግን ግድግዳው አጠገብ እየመነመነ አስቸገረን። የትኛው ግራጫ ይሻላል? ደጃፉንስ በምን እናድሰው?
አንባቢያችሁ፣ ከገርጂ

መልስ፦ የግራጫውን ዓይነት ከመምረጥዎ በፊት ከግድግዳው ውጭ ያለውን አፈር እንዲመለከቱ እንጠይቅዎታለን። ቀለም ከታች ብቻ እያበጠ የሚላጥ፣ ከላይ ግን ደህና የሆነ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት ነው። ጽጌረዳው ፍግና አፈር በተጨመረለት ቁጥር መደቡ ከሳሎኑ ወለል ከፍ እያለ ሄዶ ይሆናል፤ የሚያጠጡት ውሃም በብሎኬቱ ውስጥ ሰርጎ፣ ጨው እየያዘ፣ በውስጠኛው ልስን ላይ ይወጣል። የተላጠውን ቦታ ሲዳስሱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ጣትዎን ከያዘው እርሱ ጨው ነው። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም መቀባት እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ቀለሙ ፊኛ እያወጣ ይገሸለጣል፤ በዚህ ረገድ የቀቢውን ምክር ባይቀበሉ እንመርጣለን።

ስለዚህ ሥራው ከውጭ ይጀመር። መደቡን ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ያርቁት፤ በመካከል የሚቀረውን አፈር ከሳሎኑ ወለል 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ ያስነሡና ላዩን ስስ ጠጠር ያልብሱት፤ ተዳፋቱም ወደ አጥሩ ይሁን። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ክረምት ውሃ ይዞ የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ያስፈልጋል። ከዚያ በውስጥ በኩል የላላውን ልስን አስፍቀው፣ ጨውን በውሃ ሳይሆን በደረቅ ብሩሽ አስጠርገው፣ ግድግዳው በበጋው ፀሐይና ነፋስ እስኪደርቅ ይታገሡ፤ ከጥር በፊት ባይቀቡት ይሻላል። ከሥር የቆየ ዘይት ቀለም ካለ ግን ሲፋቅ እንዳይቦን በውሃ ይርጠብ፤ ሕፃናትም ከክፍሉ ይውጡ፤ ምክንያቱም በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝዘው ደንብ በአገራችን የወጣው በቅርብ ዓመታት ነው።

ወደ ግራጫው እንምጣ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ በእነዚህ ወራት የሰሜን መስኮት የሚያገኘው የሰማዩን ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ በዚህ ብርሃን የቀዘቀዘ ሲሚንቶ ይመስላል። የአትክልቱም አረንጓዴ በመስኮቱ እየተንጸባረቀ ይጨመርበታል። ግራጫን ካልተዉ ቡናማ ወይም ቢጫ ጠብታ የገባበትን፣ ፈዘዝ ያለውን ይምረጡ። በእኛ በኩል ግን ለዚህ ሳሎን ያው ክሬሙ ይሻለዋል እንላለን፤ የተላጠው በእርጥበት እንጂ በመልኩ አይደለምና።

የፈለጉትን ቀለም በትንሽ ገዝተው አንድ ሜትር በሚሆን ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ይቀቡና ከደረቀ በኋላ በመስኮቱ ትይዩ ያቁሙት፤ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ በቀትርና ማታ በአምፖል ያዩት። በነጭ አምፖል የወደዱት ቀለም በቢጫ አምፖል ሌላ መልክ ይይዛል። ቀለሙን ሲገዙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስበጥብጡ፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠ አይገጥምም። 4 በ4 የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው፤ አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ወደ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 8 ሊትር ይበቃል።

ሰርዶው የሚመነምነው ፀሐይ አጥቶ ይመስለናል። በታኅሣሥ ቀትር 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ወደ ሰሜን 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ ሰርዶ ደግሞ ጥላ አይወድም። እዚያ ደጋግሞ መትከልና ማጠጣት፣ ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ትርፉ ግድግዳውን ማርጠብ ነው። በጥላው ቦታ ጠጠርና ንጣፍ ድንጋይ ያድርጉበት። ጽጌረዳውን ፀሐይ ወደሚያገኝበት ወደ አጥሩ ያዛውሩት፤ አጥሩ ላይ ቦገንቪላ ቢያወጡ ሥር ከሰደደ በኋላ በጋውን በትንሽ ውሃ ያልፋል። ከበሩ አጠገብ የጥብስ ቅጠልና ለቡናዎ የሚሆን ጤና አዳም ይትከሉ፤ ሁለቱም ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ስለማይወዱ መደባቸውን 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ዋልካውን በአሸዋና በብስባሽ ያላሉት። አዲስ ችግኝ ለመትከል የሰኔን ዝናብ ይጠብቁ። ጤና አዳም ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ ውሃም ሊቋጥር ይችላል።