አንድ ጣት ይበቃል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፒያኖ 4 ዓመት ተምሬያለሁ። አሁን ለአጭር ፊልም ማጀቢያ መሥራት ጀምሬ፣ የኦርኬስትራ ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) የተቀረጹበት የሳምፕል ላይብረሪ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚጫወቱት የቅጂ ስብስብ፣ ገዛሁ። ማሳያውን ስሰማው ልብ ይነካ ነበር። እኔ ግን 25 ቁልፍ ባላት ሚዲ ኪቦርዴ (ኮምፒውተሩን በምታዘው) ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ስይዝ የተዘበራረቀ ጩኸት ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ብሩህ የነበረው ኮርድ ሳላስበው ወደ ሐዘን ይለወጥብኛል። ላይብረሪው ተበላሽቶ ይሆን ወይስ ኪቦርዱን ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። የተቸገርሽው ፒያኖ ስለምትችይ ነው። ጣቶችሽ አንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ እንደሆነ ለምደዋል። እዚህ ግን ዶን ስትነኪ የሚሰማው ዶ ብቻ አይደለም፤ ሜጀር ኮርዱን ከነሚው ከነሶሉ አዳራሽ ውስጥ አብሮ የተጫወተ ኦርኬስትራ ነው። ሚን ስትጨምሪበት ሚ፣ ሶል ሻርፕና ሲ ይመጣሉ። ሶልን ስትጨምሪ ሶል፣ ሲና ሬ። አሁን ቁጠሪ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሶል ሻርፕ፣ ሲ። 6 የተለያዩ ድምፆች፣ ከነሱም ሶልና ሶል ሻርፕ፣ ሲና ዶ በግማሽ ድምፅ ተጋፍተው። ጩኸቱ እሱ ነው። ሲቀረጽ 60 ተጫዋች ከነበረ አንቺ በ3 ጣት 180 ሰው አስነሳሽ ማለት ነው። በአንድ ጣት ተጫወቺው።

ወደ ሐዘን የሚለወጠው ነገር ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ ላይብረሪዎች የኪቦርዱን ታችኛ ጫፍ ለድምፅ አያውሉትም፤ ብሩሁን ሜጀር ወይም ሐዘነተኛውን ማይነር፣ ረጅም ወይም አጭር የሚለውን መምረጫ ያደርጉታል። ኪ ስዊች ይባላሉ። ሲነኩ ራሳቸው አይሰሙም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ይለውጡታል። 25 ቁልፍ 2 ኦክታቭ (ከዶ እስከ ዶ ሁለት ጊዜ) ብቻ ስለሆነ ኦክታቩን ዝቅ ስታደርጊ እጅሽ ሳታውቂው መምረጫው ላይ ያርፋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኪቦርድ ተመልከቺ፤ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀለም ተለይተዋል። እኔ ኮርዱን በእጄ እቀርጽና መምረጫዎቹን በኋላ በማውስ አስገባቸዋለሁ፣ ከኮርዱ ጥቂት አስቀድሜ። እኩል ከገቡ የቀድሞው ኮርድ ሊነሳ ይችላል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ኮርዱን ሕይወት የሚሰጠው እሱ ነውና። ፒያኖ ላይ ድምፁ አንዴ ከተመታ በኋላ መሞት እንጂ ማደግ አይችልም። ቫዮሊንና ትሮምቦን ግን ከጀመሩ በኋላም ያድጋሉ። ስለዚህ በአብዛኞቹ ላይብረሪዎች የአጭር ኮርድ ጉልበት ከጣትሽ ፍጥነት ሲመጣ፣ የረጅሙ የሚመጣው ከሞዱሌሽን ዊሉ (በእጅ ከሚዞረው መንኮራኩር) ነው፤ በሚዲ ኮንትሮለር 1 የሚባለው። ከ0 እስከ 127 ስታዞሪው ለስላሳ የተጫወቱበትን ቅጂ ቀስ በቀስ ወደ ኃይለኛው ያሸጋግረዋል። ድምፁ መጮህ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ራሱ ይለወጣል፤ እንደ ትሮምቦን ያለው ነሐስ ይሻክራል፣ የቫዮሊኑ ቀስት ይነክሳል። ቀለሙ ሳይነካ መጠኑ ብቻ እንዲቀንስ ከፈለግሽ ኮንትሮለር 11ን ተጠቀሚ። አንድ ኮርድ ለ4 ምት ያዢ፤ ከ30 ጀምረሽ ወደ 90 አውጪው፣ መልሰሽ አውርጂው። ይህን እጅሽ እስኪለምደው ድረስ ሌላ ነገር አትሥሪ። 127ን ለፊልሙ ትልቅ ቅጽበት አስቀምጪው።

እግርሽን ከፔዳሉ አንሺ። ፒያኖ ላይ የሚያምረው እዚህ የቀድሞውን ኮርድ ከአዲሱ ጋር ይደርበዋል።

አንድ ነገር ግን ላይብረሪው አይሰጥሽም። ከዓመታት በፊት አንድ ማጀቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተቀረጹ ኮርዶች ሠርቼ ለአንድ ቼሎ ተጫዋች አሰማሁት። ወደደው። «ቼሎው ታዲያ ምንድን ነው የሚጫወተው?» አለኝ። ኖታውን ልጽፍለት ስቀመጥ የምጽፈው አጣሁ። ኮርዱ ሁሉ አንድ ድንጋይ ሆኖ ከቦታ ቦታ ይዘላል እንጂ ቼሎው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አላሰብኩም ነበር። ከዶ ሜጀር ወደ ፋ ሜጀር ስትሄጂ በአንድ ጣት ስለሆነ ሁሉም ድምፅ አብሮ በአራተኛ ይወጣል ወይም በአምስተኛ ይወርዳል። በእጁ የሚያቀናብር ሰው ግን ዶን ባለበት ይተወዋል፣ ሚን ወደ ፋ፣ ሶልን ወደ ላ አንድ እርምጃ ያስኬዳል። ጆሮ የሚከተለው ያን ትንሽ እርምጃ ነው።

ስለዚህ የተቀረጸውን ኮርድ ለንድፍና ለድንገተኛ ምት ያዢው፤ እዚያ ላይ የሚተካከለው የለም። ሙዚቃው ዝግ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ግን መጠኑን አውርደሽ፣ በላዩ ላይ ቢያንስ የቼሎና የቪዮላ መስመር በየራሳቸው ድምፅ ጻፊ። እዚያ የፒያኖ እጅሽ ይመለስልሻል።

ጥያቄ፦ ኮርዶቹን ስጫን ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል፤ ድምፁም ከጣቴ ይዘገያል። አንድ ኮርድ እንዴት ይህን ያህል ይከብዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ48,000 ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና)፣ በ24 ቢት (እያንዳንዱ ናሙና 3 ባይት)፣ በስቴሪዮ (በ2 መስመር) የተቀረጸ ድምፅ በሰከንድ 288,000 ባይት ነው፤ የ10 ሰከንድ ኮርድ ወደ 2.9 ሜጋባይት ይሆናል። 12 መነሻ ድምፅ፣ በሜጀርና በማይነር፣ በ4 የጉልበት ደረጃ፣ በ3 የማይክሮፎን ቦታ ብትወስድ 288 ቅጂ ነው፤ ሳይታመቅ ከ820 ሜጋባይት በላይ። ስትሠራ አንዱን ማይክሮፎን ብቻ ክፈት፣ ሸክሙ ወደ ሲሶ ይወርዳል። የቀሩትን ለመጨረሻው ቅንብር አቆያቸው። መዘግየቱን በበፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት በሚያጠራቅምበት ቋት) አስተካክል፦ በ44,100 ኸርዝ 1,024 ናሙና 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያስጠብቃል፣ 128 ግን 3 እንኳ አይሞላም። ስትጫወት ዝቅ አድርገው፣ ስታቀናብር ከፍ። ከዚያም በኋላ የረጅም ኮርድ ድምፅ ከምቱ ኋላ ከቀረ ኮምፒውተሩን አትውቀስ፤ ቀስቱ ራሱ ክሩ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ረጅሙን ኮርድ ከምቱ ጥቂት አስቀድመው፣ አጭሩን ባለበት ተወው። እኔ የምሠራበት ላይብረሪ 90 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ የአንተን በጆሮህ ፈልገው።