በበረሃ ሙቀት ውስጥ ያለ የግቢ አስፋልት፦ ይቀባ ወይስ ይነሳ?

ጥያቄዎን አንብቤዋለሁ። 5 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ የመኪና መግቢያ፣ ከተነጠፈ 5 ዓመት የሆነው፤ ቀለሙ ነጥቷል፣ የጎማ መስመሩ ጎድጉዷል፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል፣ ቀትር ላይ ይለሰልሳል። ሠራተኛው «ጥቁር ማሸጊያ እንቀባውና አዲስ ይሆናል» ብሎዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ይቀባ ወይስ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፍ ብለው ጠይቀዋል።

ገና አይቀቡት። ማሸጊያ ላይኛውን ሬንጅ ከፀሐይ ይጋርዳል እንጂ ከስር ለወረደ አፈር የሚያደርገው ነገር የለም። መጀመሪያ ጉዳቱ ከላይ ይሁን ከስር መለየት አለበት፤ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

መንጣቱ ብቻውን አያስደንግጥዎ። አስፋልት ጠጠርና አሸዋ በሬንጅ ተጣብቆ ማለት ነው፤ ከክብደቱ ሬንጁ ከ5 እስከ 6 በመቶ ቢሆን ነው። ያንን ስስ ሬንጅ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ጥቁረቱ ይለቅና የጠጠሩ ቀለም ይወጣል። አየሩ 42 ዲግሪ በሆነ ቀን የአስፋልቱ ፊት ከ65 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሌሊት ደግሞ በረሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በየቀኑ መለጠጥና መኮማተሩ የደረቀውን ፊት ይሰነጥቀዋል። በጫማዎ ሶል ጠንከር አድርገው ይሹት፦ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር እየተነሳ ከሆነ ፊቱ መበተን ጀምሯል፣ ማሸጊያ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጎማው መስመር ልምጣ። 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦላሬ በአግድም ያስተኙበትና ጎን ጎኑን ይዩ። ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ አስፋልቱ እንደ ጉብታ ተገፍቶ ከወጣ ችግሩ ድብልቁ ነው፦ ሬንጁ በዝቶበታል ወይም ለዚያ ሙቀት የማይሆን ለስላሳ ሬንጅ ነው። ጉብታ ሳይኖር ሰፋ ብሎ ብቻ ከወረደ መሠረቱ ሰጥሟል። የወረደው ቦታ ላይ እንደ አዞ ቆዳ እርስ በርሱ የተያያዘ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ጥርጣሬ አያስፈልገውም፣ ከስሩ ያለው አልቆለታል። ያንን ቦታ በማንኛውም ነገር ቢቀቡት በጥቂት ወራት ውስጥ ስንጥቁ ተመልሶ ይታያል።

ጥርጣሬ ከቀረዎት ከተጎዳው ቦታ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ያውጡ። የአስፋልቱን ውፍረት ይለኩ፣ ከስር ባለው ገረጋንቲ ላይ ካቻቪቴ ይጫኑበት። በእጅ ግፊት ብቻ ዘልቆ ከገባ ወይ እርጥብ ነው ወይ በደንብ አልተጠቀጠቀም።

«በረሃ ውስጥ እርጥበት ከየት ይመጣል?» የሚል ብዙ ነው። የሚመጣው ከግቢው ነው። የኤሲው ቱቦ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ያንጠባጥባል፣ የአትክልት ውሃ ወደ አስፋልቱ ዳር ይሰርጋል፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚወርደው ዶፍ ደግሞ በስንጥቁ ገብቶ ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ዳር ዳሩ ቀድሞ የሚሰነጠቀው በዚህም ነው፣ ደጋፊ ስለሌለውም ነው። የኤሲውን ውሃ በቱቦ ያርቁ፣ አትክልቱን ከዳሩ ቢያንስ 1 ሜትር ያሽሹ፣ የዳሩን አፈር ከአስፋልቱ ጋር እኩል አድርገው ይጠቅጥቁት። ውሃ የሚያቁር ቦታ ካለ ተዳፋቱን ይፈትሹ፤ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት።

አፈሩ ጨዋማ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሙቀቱ ውሃውን ወደ ላይ ሲስበው ጨውም አብሮ ይወጣል፣ ከስሱ አስፋልት ስር ይረጋና ፊቱን እንደ እንፋሎት እብጠት ያነሳዋል። እብጠቱ ሲፈነዳ ነጭ ዱቄት ከታየ ይኸው ነው። ለመጠቅጠቂያ የጉድጓድ ጨዋማ ውሃ መጠቀም ችግሩን በእጅ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። ቅደም ተከተሉ ውሃውን ማራቅ፣ የሞተውን ቦታ ቆርጦ መሙላት፣ ስንጥቁን መድፈን፣ በመጨረሻ ማሸግ ነው።

የአዞ ቆዳ የሆነውን ቦታ ከጉዳቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደህናው ገባ ብለው በመቁረጫ ማሽን አራት ማዕዘን አድርገው ይቁረጡ፤ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ለስላሳውን አፈር አውጥተው ገረጋንቲ በ10 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየሞሉ በኮምፓክተር ይጠቅጥቁ። በረሃ ላይ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ውሃው ሳይጠቀጠቅ ይተናል። ሥራውን በጠዋት ያድርጉት፣ ከመጠቅጠቁ በፊት አርሰው ያገላብጡት። አንድ ጭብጥ ጨምቀው ሲይዙት ቅርጹን ከጠበቀና መዳፍዎን ካላራሰ ልኩ ነው። ከዚያ የቆረጡትን ጎን በሬንጅ ኢመልሽን (በውሃ የተበጠበጠ ሬንጅ) ይቀቡ፤ ይህ ከተዘለለ የተሞላው አስፋልት ከዙሪያው ይላቀቃል። ትኩሱን አስፋልት ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር እየጠቀጠቁ ከዙሪያው እኩል ያድርጉት። ሳይጠቀጠቅ ከ20 እስከ 25 በመቶ ከፍ ብሎ መሞላት አለበት፣ ሲጠቀጠቅ ይወርዳልና።

ስንጥቅ የሚደፈነው በክረምቱ ብርድም በበጋው ቃጠሎም አይደለም፤ በመካከለኛው ወቅት፣ ስንጥቁ ግማሽ ያህል ተከፍቶ ሳለ ነው። በቃጠሎ ከደፈኑት ስንጥቁ ተጨምቆ ስለሚሆን መሙያው በቂ አይገባም፣ በብርድ ይላቀቃል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ማሸጊያው ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ በላይ የሆነውን በጎማ የተጠናከረ ትኩስ የስንጥቅ መሙያ ይሙሉ። ሲገዙ ለሞቃት አየር የተሠራውን ይምረጡ፣ አለዚያ በጋ ላይ የመኪናው ጎማ ላይ ተጣብቆ ወደ ቤት ይገባል።

በአሸዋው ነገር ላይ ልቆይ። ነፋስ ያመጣው አሸዋ ስንጥቁን ይሞላዋል፣ ብዙ ሰው «ራሱ ተደፈነ» ብሎ ይተወዋል። በጋ ሲመጣ አስፋልቱ ሲለጠጥ ስንጥቁ መዘጋት ይፈልጋል፣ አሸዋው ግን አይጨመቅለትም፤ ስለዚህ የስንጥቁ ከንፈር ይፈረፈራል። መሙያው ከመግባቱ በፊት በቀጭን ብረት ይፋቁት፣ በአየር ንፋት እስከ ታች ያጽዱት። አቧራ ላይ የፈሰሰ መሙያ አቧራውን ነው የሚይዘው። ሲሞሉም ከፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርገው ያቁሙት። ለግምት ያህል 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ 2 ሊትር ይጠጣል።

የዘይት ጠብታ ካለ በሰጋቱራ መጥጠው በሳሙና ይፈግፍጉት። ቤንዚንና ናፍጣ ሬንጁን ያሟሙታል፣ በእነርሱ «ማጽዳት» ማለት ማጥፋት ነው። ቦታው ከለሰለሰ ቆርጠው ይተኩት።

ማሸጊያው የሚቀባው ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው። «ቀትር ላይ ቶሎ ይደርቃል» የሚልዎትን አይስሙ። የሚሠራበት ኢመልሽን ውሃ ያለው ነው፤ የጋለ ፊት ላይ ሲያርፍ ከላይ ወዲያው ይደርቅና ውሃውን ከስር ያፍናል፣ ሳይጣበቅ በቅርፊት ይነሳል። ለብ ባለ ወቅት ጠዋት ይጀምሩ፤ አየሩ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ፊቱን በውሃ ብናኝ ዳበስ ያድርጉት፣ ግን አይቁር። ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል፤ አንዱ ወፍራም ቅብ ይሰነጠቃል። በአማካይ በአንድ ቅብ ለ1 ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ይሄዳል፣ ስለዚህ ለእርስዎ 60 ካሬ ሜትር በሁለት ቅብ 60 ሊትር ያህል ይበቃል። በሊትር ከ250 እስከ 400 ግራም የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይቀላቀልበት፤ አለበለዚያ ፊቱ ያንሸራትታል፣ ጎማም ቶሎ ይልጠዋል። በየጊዜው እያነሳሱ ካልቀቡት አሸዋው ከባልዲው ስር ይቀመጣል። ከሁለተኛው ቅብ በኋላ መኪና ለ48 ሰዓት አይግባ። ከ2 እስከ 3 ዓመት አንዴ ይበቃዋል፤ በየዓመቱ የሚቀቡት ንብርብሩ ወፍሮ ራሱ ይሰነጠቃል። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የተሠራውን አይግዙ፣ ለጤናም ለአፈርም መጥፎ ነው።

ጣውላው ከጎን ጉብታ ካሳየዎት ወይም ከግማሽ በላይ የአዞ ቆዳ ከሆነ ግን ጥገናው ያከስራል፤ ተነስቶ ይሠራ። ያኔ ውል ላይ የሚከተለው ይጻፍ፦ መሠረት ተጠቅጥቆ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በላዩ ኤምሲ 30 ፕራይም ኮት (ከአስፋልቱ በፊት መሠረቱ ላይ የሚረጭ ቀጭን ሬንጅ) በካሬ ሜትር 1 ሊትር ያህል፣ ከዚያ ተጠቅጥቆ 7 ሴንቲ ሜትር አስፋልት። ይህ ለእርስዎ ቦታ 4.2 ሜትር ኩብ፣ ወደ 10 ቶን ማለት ነው። ሬንጁ 60/70 የሚባለው ደረጃ (ቁጥሩ ሲያንስ ሬንጁ ይጠነክራል) ወይም በፖሊመር የተጠናከረ ይሁን፤ 80/100 ለዚያ ሙቀት ለስላሳ ነው። መኪናው ሲደርስ ድብልቁን በቴርሞሜትር ይለኩ፣ ከ135 ዲግሪ በታች ከሆነ ይመልሱት፤ ከ80 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ በኋላ ሮለር ቢመላለስበት አይጠቀጠቅም። የአየር ሙቀት አያሳስትዎ፣ ነፋስ ስስ ንጣፍን በደቂቃዎች ያቀዘቅዘዋል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ አስፋልት ባዶ ቀዳዳው ከ8 በመቶ ሲያልፍ አየር በውስጡ ይመላለሳል፣ ሬንጁም ከውስጥ ጭምር ይደርቃል። በረሃ ላይ ያለ ዕድሜው የሚያረጀው አብዛኛው በዚህ ነው።

አዲሱን በበጋ ካነጠፉት ለአንድ ሳምንት መኪና አያስገቡበት። በመጀመሪያው በጋ ቀትር ላይ ትንሽ ቢለሰልስ የተለመደ ነው፤ ቆሞ መሪ ማዞር ግን ፊቱን ይልጠዋል፣ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ይዙር። ክሪክና የሞተር ሳይክል መቆሚያ ስር 30 በ30 የሆነ ጣውላ ያስገቡ።