ጥያቄና መልስ፦ ላብራቶሪው ሥራ ሳይጀምር

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው ለኬሚስትሪ ምርምር ባዶ ክፍል ሰጥቶኛል። መሣሪያ መግዛቱን ላስቀድም ወይስ ፈቃዱን?

መልስ፦ ፈቃዱን። ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት ግን የሚጠቀሙባቸውን ኬሚካሎች ከነመጠናቸው ይዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱንም የደኅንነት መረጃ ቅጽ ያያይዙ። ያለ እነዚህ የደኅንነት ኮሚቴው የሚመዝነው ነገር አይኖረውም። ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ጨረር አመንጪ ቁስ ወይም በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ካለ ለየራሳቸው ፈቃድ ይጠየቃል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በክፍሉ ዝግጅት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአየሩ ጉዳይ ነው። ፊውም ሁዱ፣ ማለትም ጋዝ ስቦ የሚያስወጣው ካቢኔት፣ በመስታወቱ ክፍተት ላይ አየር የሚስብበት ፍጥነት በሴኮንድ 0.5 ሜትር ገደማ ይሁን። በር አጠገብ ወይም መተላለፊያ ላይ ከተተከለ የአላፊ አግዳሚው ንፋስ ብቻ ጋዙን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ፍጥነቱን መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ከልክ ሲያልፍ አየሩ ካቢኔቱ ውስጥ ይሽከረከርና ተመልሶ ይወጣል። ዕቃዎችንም ከአፉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገቡ።

የዓይን ማጠቢያው በ10 ሴኮንድ የሚደረስበትና 15 ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚፈስ ይሁን። በየሳምንቱ ካልተከፈተ፣ በአደጋ ጊዜ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቧንቧው ውስጥ የተኛው ዝገት ነው።

ናይትሪክ አሲድን ከአሴቲክ አሲድ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ። ሁለቱም «አሲድ» መባላቸው ብዙዎችን ያሳስታል፤ የመጀመሪያው ኦክሲዳይዘር፣ ማለትም ሌላውን ነገር እንዲቃጠል የሚያግዝ፣ ሁለተኛው ተቀጣጣይ ነው። በቀላሉ የሚተነውንና የሚቀጣጠለውን ፈሳሽ ኤተርን በቤት ፍሪጅ ማስቀመጥማ ፈጽሞ አይሆንም፤ የቴርሞስታቱ (የፍሪጁ ሙቀት መቆጣጠሪያ) ብልጭታ እንፋሎቱን ለማቀጣጠል ይበቃል።