ሥራሽን ሳትለቂ ተወዳደሪ

እህቴ፣ “ነርስ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ለሜሪላንድ ምክር ቤት ብወዳደር ሥራዬን ልልቀቅ? ወደ ኮንግረስስ ያደርሰኛል?” ብለሽ ጠይቀሻል። ምክር ቤቱ በሚገኝበት አናፖሊስ፣ በአንድ ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ቢሮ ሠርቻለሁ፤ በምርጫ ሰሞንም በር ሳንኳኳ ነው የምከርመው። ባጭሩ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ኮንግረሱንም ለጊዜው እርሺው።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል። ደሞዙ ከ50 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። በኛ ሰፈር ኪራይ ቤተሰብ አያኖርም። ቨርጂኒያ ደግሞ የዴሊጌት ደሞዝ ለብዙ ዓመታት 17,640 ዶላር ነበር፣ ተመስገን በይ። ብዙዎቹ የምክር ቤት አባላት ጠበቃ፣ አስተማሪ ወይም ባለ ንግድ ናቸው። ላንቺ ዋናው ጥያቄ አለቃሽ ሦስት ወር ይለቁሻል ወይ ነው። ፐር ዲየም (ቋሚ ሳትሆኚ በተጠራሽ ቀን ብቻ) የምትሠሪ ከሆነ ይቀልሻል።

ዘጠናው ቀን ቀልድ የለውም። ከ2 ሺህ በላይ ረቂቅ ሕግ ይቀርባል። ሥራው ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ካላመኑበት ረቂቅሽ ድምፅ ሳይሰጥበት ይቀራል። “አይሆንም” የሚልሽ የለም። ዝም ይባላል፣ ኤፕሪል ይደርሳል፣ አለቀ።

የቀረው ዓመት የስልክ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ሜዲኬይድ፣ የሥራ አጥ ክፍያ። ስለ ወጣ ሕግ ደውሎ ያመሰገነን ሰው ትዝ አይለኝም። የታገደ ክፍያ ያስለቀቅንለት ግን ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ይመርጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ነገሩ የሚያልቀው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ነው። ፕራይመሪው ደግሞ ዝግ ነው፤ በፓርቲው ያልተመዘገበ አይመርጥም። የኛ ሰው በር ስናንኳኳ ቡና ካልጠጣችሁ ይላል፣ “እንመርጣለን” ይላል። የመራጮችን ዝርዝር ስናይ ግን የፓርቲውን ቦታ ባዶ ትቶታል። ዜግነት ሲወስድ “ፖለቲካ ውስጥ አልገባም” ብሎ ነው። ኖቬምበር ላይ ይመርጣል፣ ያኔ ግን አልፏል። ስለዚህ ፖስተር ከማሳተምሽ በፊት በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ እየዞርሽ ሰው አስመዝግቢ። አሰልቺ ነው፣ ግን ወንበሩ ያለው እዚያ ነው።

በአብዛኛው ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) አንድ የስቴት ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች አሉ፤ ሁሉም የሚመረጡት በየአራት ዓመቱ ነው። ወንበሩን የያዙት ተባብረው እንደ አንድ ቡድን ይወዳደራሉ፣ ወጪውንም ይካፈላሉ። ያንን ሰብሮ መግባት ይቻላል፤ ጄሚ ራስኪን በ2006 አይዳ ሩበንን የመሰሉ የረጅም ጊዜ ሴናተር አሸንፈዋል። ግን ክፍት ወንበር መጠበቅ ይሻላል። ሌላም በር አለ። ወንበር በመሀል ሲለቀቅ ለስቴቱ ገዢ (ገቨርነር) ስም የሚያቀርበው የካውንቲው የፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው። አናፖሊስ በዚህ በር የገባ ሰው ብዙ ነው። የኮሚቴው አባላትም በፕራይመሪ ነው የሚመረጡት፣ ከዚያ መጀመርም ይቻላል።

ስለ ኮንግረስ፣ መንገዱ አለ። ክሪስ ቫን ሆለን በ1990 ዴሊጌት ሆነው ተመረጡ፣ ቀጥሎ የስቴት ሴናተር፣ ኮንግረስ የገቡት በ2002 ምርጫ ነው። እሳቸው በ2016 ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደሩ ወንበራቸውን ራስኪን ወሰዱት። ራስኪን እስከዚያ ድረስ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር። ሥራሽን አትልቀቂ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ሁለቱም ከአስር ዓመት ያላነሰ ጠብቀዋል፤ የነሱ ዕድል ያልገጠማቸው ደግሞ እልፍ ናቸው።

አድራሻሽን ከወዲሁ አስተካክይ። ለዴሊጌት 21 ዓመት፣ ስቴቱ ውስጥ አንድ ዓመት፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ ስድስት ወር ይጠየቃል። በ2018 ለኔቫዳ ምክር ቤት የተመረጡት ትውልደ ኢትዮጵያዊው አሌክሳንደር አሰፋ በጃንዋሪ 2021 ወንበራቸውን የለቀቁት የመኖሪያ አድራሻቸውና የካምፔይን ገንዘባቸው እየተመረመረ ሳለ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ አንድ ዲስትሪክት አይደለም፤ መንገድ ስትሻገሪ ይለወጣል። ያንቺ 18 ነው፣ 19 ወይስ 20? ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ ማን ሊለቅ እንደሚችል እንነጋገራለን።